ሞተሩን ከማስወረድህ በፊት የነዳጁን ክዳን ክፈት

ከፍኖተ ሰላም የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥረነዋል።

«ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። አባቴ ዓይናቸው ሲደክም የሰጡኝ አንድ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች፣ ነዳጅና አየር የምትቀላቅለው በካርቡራተር ነው። ከጥር ወዲህ ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንዱ ጠዋት ነው። ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ትልና ዝም። መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱም ይሠራል። የሰፈር ልጆች ሲገፉልኝ ወዲያው ትነሳለች። ሁለተኛው ረጅም መንገድ ላይ ነው። ለፋሲካ አዲስ አበባ ስሄድ ጎሃ ጽዮን ዳገት ላይ አንገራገረች። ስመለስ ደግሞ ዓባይን ተሻግሬ የደጀንን ዳገት ስወጣ መሳብ እያቃታት መጥታ ጠፋች። ግማሽ ሰዓት አርፋ ተነሳች፣ ትንሽ ወጥታ ደግማ ጠፋች። የሙቀት መለኪያው ከመሃል ትንሽ ከፍ አለ እንጂ ቀዩን አልነካም።

«እዚህ ያለ ጋራዥ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይቀየር አለኝ። ደብረ ማርቆስ ያለ ሌላ ጋራዥ ደግሞ ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ ከሦስት ወር ደሞዜ ይበልጣል። ባትሪው ዓመት አልሞላውም። ዘይት በጊዜው እቀይራለሁ። ማደያ ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የምገዛበት ጊዜ አለ። የነዳጁ ክዳን ገና ሰሞን ጠፍቶብኝ ሌላ ገዛሁ፤ ልክክ ብሎ ገጥሟል። ሌላ የነካሁት ነገር የለም። አባቴ «ብረት ያረጃል፤ ሸጠህ ተገላገል» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? ልሽጣት?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። ሞተሪኖም ይቆይ፣ ሞተሩም አይውረድ። የሚያስፈልግህ የ10 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጨርቅና ሙቅ ውሃ ነው። ይህን ሁሉ ጎረቤት አያጣውም።

መካኒኮቹን ሌባ እያልኩ አይደለም። ግን «ጠዋት አትነሳም፣ ዳገት አትወጣም» ብለህ ብቻ ቁልፍ ካስረከብካቸው እነሱም በልምድ ይገምታሉ። አሮጌ መኪና ሲሆን ደግሞ ግምቱ ሁሌም ወደ ትልቁ ነው። ዕድሜዋን አይተው «አልቋል» ይላሉ። መኪናዋ ግን ምን እንደሆነች በደብዳቤህ ውስጥ ራሷ ተናግራለች።

አንደኛ፣ ስትገፋ ወዲያው ትነሳለች ብለሃል። ተገፍታ የምትነሳ መኪና እሳትም አላት፣ ነዳጅም አላት፣ ሞተሯም ጉልበት አለው። የጎደላት ጠዋት ሞተሩን የሚያዞረው ኃይል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ግማሽ ሰዓት አርፋ ተነሳች ብለሃል። ያለቀ ፒስተንና የተበላ የፒስተን ፋሻ (ቀለበት) የደጀን ዳገት ላይ ግማሽ ሰዓት አርፎ አይታደስም። አርፎ የሚድን ነገር ወይ ነዳጅ ነው፣ ወይ እሳት ነው፣ ወይ ሙቀት ነው። ሦስተኛውን ነገር ጣል አድርገኸው ነው ያለፍከው፤ እኔ ግን እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የነዳጁ ክዳን ገና ሰሞን ተቀየረ። ችግሩ ከጥር ጀመረ። ገናና ጥር ስንት ቀን ይራራቃሉ?

ወደሱ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልብ በል። አንተም መካኒኮቹም ሁለቱን ችግር አንድ አድርጋችሁ አይታችኋል። ጠዋት አትነሳም፣ ዳገት ላይ ትጠፋለች፣ ስለዚህ ሞተሩ ሞቷል። እኔ የሚታየኝ ሁለት የማይተዋወቁ ትንንሽ ችግሮች ናቸው። ለየብቻ እንያቸው።

ጠዋቱን እናስቀድም።

«መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይሠራል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው፣ ስለዚህ ሞተሪኖው ነው»። የመጀመሪያው ጋራዥ ያሰበው ይህንን ይመስለኛል። ግማሹ ልክ ነው። ባትሪው ደህና ሊሆን ይችላል። ግን በባትሪውና በሞተሪኖው መካከል ገመድ አለ፣ ገመዱም ጫፍ አለው። የፊት መብራቶችህ ሁለቱ ተደምረው የሚወስዱት 10 አምፔር ገደማ ነው። ሞተሪኖ ግን ሞተሩን ሲያዞር 150 አምፔርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። የባትሪው ተርሚናል፣ ማለትም ገመዱ ባትሪው ላይ የሚታሰርበት ጫፍ፣ ላላ ካለ ወይም ዝገት ከያዘ፣ እዚያች ቦታ ላይ 0.04 ኦም የምታክል የኤሌክትሪክ እንቅፋት ትፈጠራለች እንበል። በ10 አምፔር የምትበላብህ 0.4 ቮልት ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ዓይንህም አያስተውለውም። በ150 አምፔር ግን 6 ቮልት ትበላለች። ከ12 ላይ 6 ሲቀነስ ሞተሪኖው ጠቅ ከማለት አያልፍም። የምታስተምረውን ትምህርት አልነገርከኝም እንጂ ፊዚክስ ከሆነ ይህን ለተማሪዎችህ መስጠት ነው።

እንዲህ አድርግ። ጠዋት፣ እምቢ ስትል፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ። የፊት መብራቱን አብራና አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር አንተ መብራቱን እይ። ጠቅ ስትል መብራቱ ድርግም ብሎ ከጠፋ ወይም በጣም ከፈዘዘ፣ ጥፋቱ ያለው ከባትሪው ወይም ከተርሚናሉ ዘንድ ነው። መብራቱ ምንም ሳይነቃነቅ ጠቅታው ብቻ ከተሰማ ደግሞ ወደ ሞተሪኖው በሚሄደው መስመር ወይም በራሱ በሞተሪኖው ላይ ነው። ከዚያ ቁልፉን አሁንም አሁንም ካስሞከርክ በኋላ ሁለቱን የባትሪ ተርሚናሎች በጣትህ ዳሰስ አድርጋቸው። አንዱ ሞቆ ከሆነ አገኘኸው። ኃይሉ እዚያ እየቀረ ነው፤ የቀረው ኃይል ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው።

ባይሞቅም ፍታቸው። መጀመሪያ ነጌቲቩን፣ ማለትም የቀነስ ምልክት ያለበትን፤ ስትመልስ ደግሞ እሱን መጨረሻ ላይ። ይህን ቅደም ተከተል አትዝለለው። ፖዘቲቩን ስትፈታ ቁልፍህ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይተፋል፣ ባትሪ አካባቢ ደግሞ የሚቀጣጠል ጋዝ አይጠፋም። ሲጋራም እዚያ አካባቢ አይታሰብም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካየህ በሙቅ ውሃ ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠህ እጠበው፤ ውሃው ግን በባትሪው ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ አይግባ። ካደረቅከው በኋላ የባትሪውን የእርሳስ ጉጥና የተርሚናሉን ውስጠኛ ፊት ብረቱ እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ጥቁር ሽፋን ብቻ ሆኖ ንጹሕ የሚመስል አለ፤ አትመነው፣ ብዙውን ጊዜ አታላዩ እሱ ነው። መልሰህ አጥብቀህ እሰር። በእጅህ ስትጠመዝዘው ቅንጣት መነቃነቅ የለበትም። በላዩ ላይ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀባ።

ባትሪው ዓመት ያልሞላው ነው ብለሃል። ባትሪውን የቀየረልህ ሰው ተርሚናሉን ምን ያህል አጥብቆ እንደተወው አስበው። አንዳንዱ በእጁ ጫን አድርጎ፣ በቁልፉ ጀርባ ጠቅ ጠቅ አድርጎ «አለቀ» ይልሃል።

የምድር ገመዱንም አትርሳ። ከባትሪው ነጌቲቭ ተነስቶ አንድ ጫፉ ሞተሩ ላይ፣ አንዱ ቦዲው ላይ ይታሰራል። አርባ ክረምት ያየች መኪና ላይ ያ ብሎን ዝጎ ወይም ቀለም ተቀብቶበት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ፈትተህ ፈግፍገህ መልሰህ እሰረው። ትምህርት ቤታችሁ ቮልት ሜትር ካለ ደግሞ ለአንድ ጠዋት ተዋስ። መኪናዋ ሌሊቱን አድራ፣ ሳትነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ ዲናሞው በደንብ እየሞላ አይደለም። ያኔም ዲናሞ ልግዛ ከማለትህ በፊት ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ እንደሆነ እይ። ረጅሙ ቦታ ላይ በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ደህና ነው፤ በጣም ከገባ ላልቷል፣ ከተሰነጣጠቀም ይቀየር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጠቅ ብቻ ካለች፣ አዎ፣ ሞተሪኖው ይታይ። ይታይ ማለት ይቀየር ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ካርቦን ወይም የመነሻዋ ኮንታክት ተበልታ ነው። ጥሩ ኤሌትሪሲያን ይጠግነዋል።

አሁን ወደ ክዳኑ።

ነዳጅ ከጋኑ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። አየር ካልገባ ጋኑ ውስጥ ባዶ ይፈጠርና ነዳጁን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ያንተ ዓይነት መኪና የነዳጅ ፖምፓ ሞተሩ ጎን ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት፤ ነዳጁን የምትስበው በአንዲት ስስ የላስቲክ ሽፋን ነው፣ ጉልበት የላትም። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ መኪኖች አየር የሚያስገቡት በክዳኑ በኩል ነው። ክዳኑ ውስጥ አየር የምታስገባ ትንሽ መተንፈሻ አለች። አንተ የገዛኸው «ልክክ ብሎ የሚገጥም» ክዳን ለሌላ መኪና የተሠራ፣ መተንፈሻ የሌለው ከሆነ፣ ጋኑን አፍነኸዋል ማለት ነው።

ይህ ከነገርከኝ ሁሉ ጋር ይገጥማል። ከተማ ውስጥ ከቤት ትምህርት ቤት ስትመላለስ አይታወቅህም፤ ጉዞው አጭር ነው፣ ነዳጁም ጥቂት ነው የሚሄደው። ዓባይ በረሃ ላይ ግን ሌላ ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,300 ሜትር በላይ ነው ወደ ላይ የምትወጣው። እግርህን ከቤንዚን መስጫው ሳታነሳ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ። ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ጋኑ አይለቅም፣ መሳብ ያቅታታል፣ ትጠፋለች። ስትቆሙ አየር በየቀዳዳው እየሾለከ ቀስ ብሎ ይገባል። በግማሽ ሰዓት ይስተካከላል። ትነሳለች። ትንሽ ትወጣለች። እንደገና።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። ሁሉም ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ፊት ለፊት ሲፈልግ፣ ነገሩ ከኋላ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ፈተናው ቀላል ነው። ደጀን ድረስ መሄድም አያስፈልግህም። አቅራቢያህ ያለ ረጅም ዳገት ላይ ሞተሩ በደንብ እስኪያንገራግር ንዳት። ስታስቸግር ጥግ ያዝና ክዳኑን ቀስ ብለህ ክፈት፤ ጆሮህን ጣል አድርግ። አየር ፍስስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ከሰማህ፣ ክዳኑንም ከፍተህ ወዲያው ከተነሳች፣ በሽታው ታወቀ። መድኃኒቱ መተንፈሻ ያለው ትክክለኛ ክዳን ነው። ስትገዛ መኪናህን ይዘህ ሂድ፤ «ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን ባለ ሱቅ አትስማ። እስክታገኝ ድረስ ጨርቅና ላስቲክ ወትፈህ አትንዳ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ አውቃለሁ። ቤንዚን እየተረጨ፣ ሽታው መኪናው ውስጥ እየገባ፣ አቧራና ዝናብ ወደ ጋኑ እየገባ ነው የሚሄደው።

ክዳኑ ካልሆነስ? ያኔ ስትጠፋ፣ ሳታርፍ፣ ወዲያው ሁለት ነገር እይ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ይራቅ፤ ሞተሩም የጋለ ስለሆነ እጅህን ጠብቅ። የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንሳና የካርቡራተሩን አፍ ወደ ውስጥ እያየህ የቤንዚን መስጫውን ዘንግ በእጅህ አንቀሳቅስ። ይህን ስታደርግ ማንም ቁልፍ እንዳይነካ። ቀጭን ቤንዚን ፊጭ ሲል ካየህ ነዳጅ ደርሷል፤ ችግሩ እሳት ነው። ምንም ካልመጣ ነዳጁ መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህች አንዲት ምልከታ ከብዙ ግምት ታድንሃለች።

ነዳጁ ከቀረ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የቤንዚን ፊልትሮው ነው። እዚህ ላይ ጀሪካንህን አነሳዋለሁ። በጀሪካን የሚሸጥ ነዳጅ ምን ምን እንደነካ አይታወቅም። ውሃ ይኖረዋል፣ ዝገት ይኖረዋል፣ ነጭ ጋዝ የሚቀላቅልበትም አለ። ፊልትሮው ርካሽ ነው፤ ካልቀየርከው ቆይቶ ከሆነ ሳትጠራጠር ቀይረው። አሮጌውን ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከቤት ውጭ፣ ንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠው። ጥቂት አቆይተህ እየው። ውሃ ካለ ከሥር ይቀመጣል፣ ቤንዚኑ ከላይ ይሆናል፤ መስመሩ በግልጽ ይታያል። ቡናማ ዝቃጭ ካየህ ጋኑም መታጠብ አለበት። ወደፊት ጀሪካን የግድ ሲሆንብህ በወንፊት ሳይሆን ጥቅጥቅ ባለ ንጹሕ ጨርቅ አጥልለህ ጨምር፤ የመጨረሻዋን አንድ ብርጭቆም ጀሪካኑ ውስጥ ተዋት። ቆሻሻው እዚያ ነው ያለው።

ፊልትሮው አዲስ ሆኖ፣ ክዳኑ ተስተካክሎ፣ አሁንም በረሃው ላይ ብቻ ከጠፋች፣ ነዳጁ ቱቦው ውስጥ እየፈላ ይሆናል። ሙቀት ሲበዛ ቤንዚን ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ ፖምፓዋ ደግሞ እንፋሎት መሳብ አትችልም። የነዳጁ ቱቦ ከጭስ ማውጫው ጋር ተጠግቶ እንደሆነ ተመልከት፤ አንድ ጊዜ ተፈትቶ በማይሆን መንገድ የተመለሰ ቱቦ ሞልቷል። አርቀህ እሰረው። መንገድ ላይ ለመገላገል ፖምፓዋና ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማሳረፍ የድሮ ሾፌሮች ዘዴ ነው፤ ይሠራል።

እሳት ከሆነ ደግሞ እሳቱን የሚያመነጨው ኮይል ሲሞቅ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ግን ኮይል ከመግዛትህ በፊት ሲሊንደሮቹ ውስጥ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አውጥተህ እያቸው። ጫፋቸው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ናቸው። ጥቁር ጥላሸት ከያዙ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። የአየር ፊልትሮውን ወደ ፀሐይ አንስተህ እየው፤ ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። ከአስፋልት ወጥቶ በጥርጊያ መንገድ የሚሄድ ሰው ፊልትሮው ቶሎ ይሞላል፤ በዚያ ላይ እኛ ያለንበት ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር በተፈጥሮው ነዳጅ ያበዛል። የካንዴላ ገመዶቹን ማታ ጨለማ ውስጥ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ኮፈኑን ከፍተህ ሳትነካ ተመልከታቸው። ሰማያዊ ብልጭታ ከገመድ ወደ ብረት ሲዘል ካየህ ገመዱ ተሰንጥቋል። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለችውን ኮንታክት ማስተካከል ግን ለሚያውቅ ሰው ተወው፤ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ከተዛባች ግን ሌላ ጣጣ ትጀምራለህ።

ስለ ሙቀቱ ብዙ አልልም። ዳገት ላይ ከመሃል ትንሽ ከፍ ማለቱ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሆኖም የራዲያተሩን ክዳን፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ፣ ክፈትና ላስቲኩን እይ። ደረቅ ወይም የተቆረጠ ከሆነ ቀይረው። በ2,400 ሜትር አካባቢ፣ ደጀንና ማርቆስ ማለት ነው፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተርህ ደግሞ ሲሠራ እዚያው አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ደህና ክዳን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ቆላ ላይ ያለ ሰው በተበላሸ ክዳን ትንሽ ይሄድ ይሆናል፤ እኛ ግን አንሄድም። በመውቂያ ወራት ደግሞ የራዲያተሩ ክንፎች መካከል ገለባና ነፍሳት ይጠቀጠቃሉ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ቀስ ባለ ውሃ እጠበው። በኃይለኛ ግፊት አይሁን፣ ክንፎቹ ይታጠፋሉ።

በነገራችን ላይ መካኒክህ ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ዕቃ፣ አውልቆ ጥሎት እንደሆነ ጠይቀው። «ለአፍሪካ አያስፈልግም» የሚል ወሬ አለ። ብርዳማዋ እንጅባራ ላይ ጠዋት ቆሞ ይህን የሚል ሰው ይኑር! ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ውስጡም ቶሎ ይበላል።

ስትሠራ አንድ ሕግ ያዝ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ንዳ፣ ከዚያ እይ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከነካህ የቱ እንዳዳነህ አታውቅም። ደብተር ላይ ቀኑንና ያደረግከውን ጻፍ። መምህር ነህ፣ ይህ አያቅትህም።

ራስህ የማትነካቸው ነገሮችም አሉ። የፍሬን ፔዳል ወደ ታች ከሰመጠ መኪናዋን አታንቀሳቅሳት፤ በተለይ ዓባይን የምትወርድ ሰው። እየነዳህ የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩን ወዲያው አጥፋ፣ የዘይቱን ልክ እይ፤ ልኩ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ በገመድ ተጎትታ ትሂድ። የዘይት መለኪያውን ስታወጣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከመጣ ወይም ራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ነጭ ጭስ ካልተቋረጠ፣ ያኔ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ መከፈቱ አይቀርም። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥርም ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት አትጠቅልልበት። ፊውዙ የተቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው።

ጋራዥ መሄድህ ካልቀረ ደግሞ ምልክቱን በቅደም ተከተል ንገራቸው። መቼ፣ ሞቃ ነው ወይስ ቀዝቅዛ፣ ዳገት ነው ወይስ ሜዳ፣ ምን ድምፅ፣ ከዚያ በፊት ምን ተቀየረ። «ሞተሩ ይውረድ» የሚልህ ሰው መጀመሪያ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለክቶ ቁጥሩን ያሳይህ። በካንዴላው ቀዳዳ የሚገባ መለኪያ ነው፣ ሞተር መፍታት አያስፈልገውም። አራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢና ደህና ቁጥር ካላቸው የሚወርድ ሞተር የለም። መለኪያው የለኝም ካለህ ሌላ ጋራዥ ሂድ። የተቀየረ ዕቃ ሁሉ አሮጌው ይሰጥህ፤ ቅር የሚለው መካኒክ ካለ እሱንም ልብ በል።

አባትህን በተመለከተ፣ ብረት ያረጃል ማለታቸው እውነት ነው። ግን ዛሬ ብትሸጣት ገዢው የሚያየው ልጆች የሚገፏት መኪና ነው፤ የሚሰጥህም የቁራጭ ብረት ዋጋ ነው። መጀመሪያ ተርሚናሉን ፈግፍግ፣ ክዳኑን ቀይር፣ ፊልትሮውን ቀይር። ከዚያ ደጀንን ሳትቆም ከወጣች፣ ያኔም መሸጥ ከፈለግህ በደህና ዋጋ ትሸጣታለህ። አባትህንም ከጎንህ አስቀምጠህ ውጣ፤ መኪናዋን ከአንተ ይልቅ የሚያውቋት እሳቸው ናቸው። የድሮው ክዳን ምን ዓይነት እንደነበረ ጠይቃቸው፤ ያስታውሱ ይሆናል።